«ማን ነው ያበራው?»

ይህችን አጭር ጥያቄ በማንኛውም መሥሪያ ቤት ስሰማ ዛሬም ውስጤ ይረበሻል። ጠያቂው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። ጥያቄዋ የሰማሁባትን ቀን፣ የመስፊያውን አዳራሽ፣ የተዘረጋችውን መዳፍ ይዛብኝ ስለምትመጣ ነው።

ሐዋሳ ውስጥ ለውጭ ገበያ የልጆች ሸሚዝ በሚሰፋ አንድ ፋብሪካ የለውጥ ሥራዎች አስተባባሪ ነበርኩ። ካይዘን የተባለውን የጃፓኖች ያልተቋረጠ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ አስተምራለሁ፤ የልማት ቡድኖችን እከታተላለሁ፤ በየሩብ ዓመቱ ደግሞ የድርጅቱን የሥራ ባህል የሚመለከት ጥናት አዘጋጅቼ ለማኔጅመንት አቀርባለሁ። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በየፋብሪካው የተለመዱት «አምስቱ ማዎች» በእኛም ግድግዳ ላይ በአማርኛና በሲዳሙ አፎ ተጽፈው ተለጥፈው ነበር፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። አራቱን በሥልጠና ማስጀመር ይቻላል። አምስተኛዋ ግን አለቃው በቸኮለበት ቀን የምትፈተን ናት፤ ይህን ያኔ አላውቅም ነበር።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው። ይህን ልነፍጋቸው አልፈልግም። በመጀመሪያው ስብሰባ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ወረቀት አስተማሩን። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1947 ስለ ለውጥ ሲጽፍ የረጋውን ማቅለጥ፣ ማንቀሳቀስ፣ መልሶ ማርጋት ብሎ እንደከፈለው ነገሩን። ከሁሉ በላይ ግን የፍሪሞንትን ታሪክ ሲተርኩ ፊታቸው ይፈካ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፍሪሞንት ላይ የነበረውን የመኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1982 ዘጋው። ሠራተኛው ከሥራ በመቅረትና ከአለቆቹ ጋር በመጋጨት የታወቀ ነበር። በ1984 ቶዮታ በሽርክና ገብቶ ፋብሪካው ዳግም ሲከፈት ከተቀጠሩት አብዛኞቹ እነዚያው የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ የመኪኖቹ ጥራት ለኩባንያው ምሳሌ ሆነ። በየሥራ ቦታው ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ችግር ያየ ሰው ይስበዋል፣ የቡድን መሪው ሊረዳው ይመጣል፣ ችግሩ በዚያች አጭር ጊዜ ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል።

«የእኛም ልጆች መስመሩን ያቆማሉ» አሉ ሥራ አስኪያጁ። አጨበጨብን። እኔ ያጨበጨብኩት ከልቤ ነበር። ስንት ዓመት «ዝም ብለሽ ስፊ» ሲባል በኖረበት አዳራሽ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

በገመዱ ፋንታ በየማሽኑ ራስ ላይ ቀይ መብራት ተተከለ።

የልጆች ልብስ የሰፋ ሰው የመርፌን ጉዳይ ያውቀዋል። መርፌ ሲሰበር ስባሪው ሁሉ ይለቀማል፤ ተገጣጥሞ ሙሉ መርፌ መሆኑ ይታያል፤ ከነቀኑና ከነማሽኑ ቁጥር መዝገብ ላይ በፕላስተር ይለጠፋል። አዲስ መርፌ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። አንዲት ቅንጣት ከጎደለች በማሽኑ ዙሪያ ያለው ሥራ ሁሉ ተነስቶ በብረት መፈለጊያ ይፈተሻል። መጨረሻ ላይ ሸሚዙ ሁሉ የሚያልፍበት ትልቅ መፈተሻ አለ፤ ነገር ግን እሱን ተማምኖ መስፋት፣ አጥር አለ ብሎ በርን ክፍት ጥሎ እንደማደር ነው።

መብራቱ ከተተከለ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሦስተኛው መስመር ላይ ኮሌታ የምትሰፋ ልጅ መብራቱን አበራች። እስከዚያ ቀን ማንም አብርቶት አያውቅም። ወደ ሞጆ የሚሄደው ኮንቴይነር ደጅ ላይ ቆሟል፤ ጭነቱ አልሞላም። ልጅቱ ከወንበሯ ተነስታ በግራ እጇ የሸሚዞቹን ክምር ማንም እንዳይወስደው ተጭናዋለች፤ በቀኝ መዳፏ ግማሽ መርፌ ይዛለች። የገጠር ልጅ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስፌት ፍለጋ ወደ ሐዋሳ ከጎረፉት ወጣቶች አንዷ። በሥልጠናዬ ጊዜ ከኋላ ተቀምጣ ሁሉን በደብተር የምትጽፍ ነበረች።

ሥራ አስኪያጁ ከቢሯቸው እየፈጠኑ ወረዱ። እኔ ተከትያቸው ነበር፤ ደስ ብሎኝም ነበር። በስላይድ ያየነው ነገር በዓይናችን ሊሆን ነው ብዬ አስብ ነበር።

«ማን ነው ያበራው?» አሉ።

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተቆጡ ብዬ ብጽፍ እዋሻለሁ። ግን ያን ጊዜ የአዳራሹን አንገት አየሁት። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ማሽኑ አጎነበሰ። የመስመሩ ሱፐርቫይዘር በአገጩ ወደ ልጅቱ አመለከተ፤ እጁን እንኳ አላነሳም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ እሷን አልፈው ሱፐርቫይዘሩን «ከቆመ ስንት ደቂቃ ሆነው?» ብለው ጠየቁ። እሱም የሰዓቱ ዕቅድ የተጻፈበትን ነጭ ሰሌዳ እያየ ነገራቸው። ሁለቱ ስለ ኮንቴይነሩ ተነጋገሩ። መዳፏ ግማሽ መርፌውን እንደያዘ ተዘርግቶ ቀረ። «ምን ጠፋ?» ያላት ሰው አልነበረም። እኔ ከእሷ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። «ምን ጠፋ?» ሁለት ቃል ነው። ያንን ሁለት ቃል በየሥልጠናዬ መቶ ጊዜ ተናግሬዋለሁ፤ በዚያ ቀን ግን አልተናገርኩትም። ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ነበሩ፤ ፈራሁ።

ስባሪው ከሠላሳ አምስት ደቂቃ በኋላ በታጠፈ ኮሌታ ውስጥ ተገኘ፤ ከስንዴ ቅንጣት ያነሰ። ኮንቴይነሩ በማግሥቱ ሄደ። ዓርብ ጠዋት ሰሌዳው ላይ የሦስተኛው መስመር ጉድለት በቀይ ተጽፎ፣ ከጎኑ የልጅቱ ማሽን ቁጥር ሰፍሮ ነበር። ማን እንደጻፈው አልጠየቅኩም።

ከዚያ ቀን በኋላ ቀዩ መብራት አልበራም።

ቀድሞ በሳምንት አሥርና ከዚያ በላይ ስባሪ የሚለጠፍበት የመርፌ መዝገብ ወር ሳይሞላው ባዶ ሆነ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ «የመርፌ ስብራት፦ ዜሮ» ተብሎ ተጻፈ። እኔም የባህል ጥናቴን ሠራሁ። ከጥያቄዎቹ አንዱ «ስህተት ሳገኝ ያለ ፍርሃት እናገራለሁ» የሚል ነበር፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጣም እስማማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገዋል። መጠይቁን ያደሉትም የሰበሰቡትም ሱፐርቫይዘሮቹ ነበሩ። የድርጅት ባህል ተመራማሪው ኤድጋር ሻይን ባህል በመጠይቅ አይለካም እያለ አጥብቆ ይከራከር የነበረው ለምን እንደሆነ የገባኝ እነዚያን ወረቀቶች እያየሁ ነው። እሱ ባህልን በሦስት ንብርብር ያየዋል፦ በዓይን የሚታየው፣ በአፍ የሚነገረው፣ ከሥር ደግሞ ማንም ሳይናገረው ሁሉም የሚኖርበት እምነት። መብራቱ ከላይ ነበር፤ ንግግሩ ከመሃል። ከሥር ያለው ግን በዚያ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአንድ ጥያቄ ተነግሮ አልቋል፤ መብራት ማለት ስምህ የሚፈለግበት ነገር ነው። በጥናቴ መደምደሚያ ላይ ይህን አልጻፍኩም። «በአንዳንድ ሠራተኞች ዘንድ የአመለካከት ክፍተት ይታያል» ብዬ ጻፍኩ። ይህች ሐረግ በአገራችን ሪፖርት ሁሉ ውስጥ አለች፤ ማንንም አለቃ አስቆጥታ አታውቅም።

ነገሩን ያወጣው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሽማግሌ ነው። አንድ ቀን ጠራኝና መዝገቡን ገለጠልኝ። መርፌ የሚወጣበት ምክንያት በሁለት ዓምድ ነው የሚጻፈው፦ «የተሰበረ» እና «የደነዘዘ»። የመጀመሪያው ዓምድ ባዶ ነው። ሁለተኛው ያንኑ ያህል አብጧል።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት መርፌ መሰበር ትቶ መደንዘዝ ጀምሯል» አለኝ። «የደነዘዘ መርፌ ደግሞ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመለሰው። እኔ ጋ የተመለሰ የለም፤ የሱፐርቫይዘር ፊርማ ብቻ ነው የሚመጣልኝ።»

ገጹን ይዤ ወደ ማኔጅመንት ስብሰባ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ዜሮውን በስክሪን ላይ እያሳዩ ነበር። እጄን አነሳሁና ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን አነበብኩ። ልጆች በሚለብሱት ሸሚዝ ውስጥ የት እንደገባ የማናውቀው ብረት እንዳለ ተናገርኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን መዝገብ ማን ሰጠህ?»

በዚህ ጊዜ እንኳ «ከግምጃ ቤት ነው» ብዬ መለስኩ። ግምጃ ቤቱ ውስጥ የሚሠራው አንድ ሰው ብቻ ነው። በሳምንቱ ሽማግሌው ወደ ካርቶን መጋዘን ተዛወረ። ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው «አንተ ምን አደረግህ፣ ልጄ?» አለኝ። ያ መልስ ከስድብ በላይ ከበደኝ።

በዚያ ሰሞን ከሰው ሀብት ክፍል ያለ የሲዳማ ተወላጅ ባልደረባዬ ፍቅር ሐይቅ አጠገብ ቡና እየጠጣን ስለ አፊኒ አጫወተኝ። ቃሉ «ሰምታችኋል?» እንደማለት ነው። ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ጉዳይ ያለው ሰው በዚህ ይጀምራል፤ ነገሩ መሃል ላይ ይቀመጣል፣ ሁሉም ይሰማዋል፣ ከዚያ ይመከርበታል። «እኛ ቤት ‹ማን ነው› የሚለው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፤ አንዳንዴም አያስፈልግም» አለኝ። ፋብሪካችን ከካሊፎርኒያ ያመጣውን ነገር አብዛኛው ሠራተኛ ከእናት አባቱ ቤት ይዞት እንደመጣ፣ እኛ በር ላይ አስቀምጦት እንዲገባ እንዳስገደድነው ያን ቀን አሰብኩ። በአምስት ዓመት ሥልጠና ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «እናንተ ቤት ችግር እንዴት ይነገራል?» ብዬ አልጠየቅኳቸውም ነበር።

እንግዲህ የእኔ እምነት ይህ ነው፦ የድርጅት ባህል የሚሠራው ችግር በተነገረበት ቅጽበት ከመሪው አፍ በሚወጣው የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ይህን በብዙ ቦታ ተናግሬዋለሁ፤ አሁንም እናገረዋለሁ። ነገር ግን ከእምነቴ ጋር የማይገጥም ነገር አለ፤ ልጅቱ ናት። እሷ መብራቱን ስታበራ ማንም መሪ ጠባዩን ለውጦ አላሳያትም። የሰማችው ንግግር ብቻ ነው፤ ያንኑ ንግግር ሰምቶ ማሽኑ ላይ ያጎነበሰ ብዙ ነው።

ከፋብሪካው ልለቅ በተቃረብኩበት ሰሞን፣ የማታ ሰርቪስ በሚጠበቅበት ቦታ አገኘኋትና ጠየቅኳት። ለምን አበራሽው?

«ሸሚዙ የሰባት ዓመት ልጅ ቁጥር ነበር፣ ጋሼ» አለች። «ታናሽ እህቴም ሰባት ዓመቷ ነው።»

ከዚያ ወዲህ መርፌ ተሰብሮብሽ ያውቃል ወይ አልኳት። ዙሪያዋን አየች። ከቦርሳዋ ያንን የሥልጠና ደብተሯን አውጥታ ከኋላ በኩል ገለጠችው። እኔ ባስተማርኩበት ቅጽ መሠረት በእጇ አራት ዓምድ አስምራለች፤ ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽን ቁጥር፣ ስባሪ። በየመስመሩ መጨረሻ የመርፌ ስባሪዎች ጫፍ ለጫፍ ተገጣጥመው በፕላስተር ተለጥፈዋል። አንድም የጎደለ አላየሁም። ሱፐርቫይዘሩ «የደነዘዘ» ብሎ ሲፈርምላት እሷ በምሳ ሰዓቷ ብቻዋን ከማሽኑ ሥር ተንበርክካ ስትለቅም ኖራለች።

ሰርቪሱ መጣ። ደብተሩን ዘርግታ እንደያዘች ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እነዚህን የት ላስመዝግብ?»