ሰርቨሩ ለምን ከላፕቶፑ ዘገየ?

ላፕቶፕ ላይ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ብዙ ኮር (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ለየብቻው የሚሠራ ክፍል) ወዳለው ሰርቨር ሲዛወር ማዝገሙ ብዙዎችን ግራ ያጋባል። ብልሽት ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፕሮሰሰሩ የተሠራበትን ሥራ ስላልሰጡት ነው።

ለማወዳደር የሚሻለው የኮር ንድፋቸው አንድ የሆነ ጥንድ መምረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ልዩነቱ ከዕድሜ ሳይሆን ከተሠሩበት ዓላማ እንደመጣ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው የኤኤምዲ ኩባንያ ኢፒክ 9654 የሰርቨር ፕሮሰሰር ነው፤ በ2023 የወጣው ራይዘን 7 7840ዩ ደግሞ የላፕቶፕ። የሁለቱም የኮር ንድፍ ዜን 4 የሚባለው ነው። ኢፒኩ 96 ኮርና 192 ትሬድ (በኮሮቹ ላይ በአንዴ የሚሄድ የሥራ መስመር) አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 2.4፣ ከፍተኛው 3.7 ጊጋኸርዝ፣ የኃይል ልኩ 360 ዋት። ራይዘኑ 8 ኮርና 16 ትሬድ ይዞ ከ3.3 እስከ 5.1 ጊጋኸርዝ ይሄዳል፤ የኃይል ልኩ 28 ዋት ሲሆን ላፕቶፑን የሚሠራው ድርጅት ከ15 እስከ 30 ባለው ያስተካክለዋል። ዋቱን ለኮር ሲያካፍሉት 3.75 እና 3.5 ይመጣል። የሰርቨሩ ኮር ለብቻው ሲታይ ጉልበተኛ አይደለም ማለት ነው። ያለው ብዛት ነው።

አንድ ፕሮግራም 90 በመቶ ሥራውን ለኮሮች ማከፋፈል ይችላል፣ 10 በመቶው ግን የግድ ተራ በተራ ይሠራል እንበል። ተራ በተራ የሚሄደውን በከፍተኛው ፍጥነት፣ የሚከፋፈለውን በመነሻው ፍጥነት ብናሰላው ኢፒኩ ከራይዘኑ የሚፈጥነው 1.7 እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። በኮር ብዛት ግን 12 እጥፍ ነው! ሥራው ጭራሽ የማይከፋፈል ከሆነ ደግሞ ላፕቶፑ ይቀድማል። ዳታቤዝ የሚያስተዳድረው ማይኤስኪውኤል አንድን ጥያቄ በአብዛኛው የሚሠራው በአንድ ትሬድ ነው፤ በፒኤችፒ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ድረ ገጽ ሲዘጋጅም እንዲሁ። የሰርቨሩ ብልጫ የሚታየው ሺህ ሰው በአንዴ ሲመጣ ነው። አንዱ ሰው ገጹ እስኪከፈትለት የሚጠብቀውን ጊዜ ኮር በመጨመር አያሳጥሩትም።

ሜሞሪው ላይ ያለው ልዩነት ይበልጥ ያስገርማል። ኢፒኩ 12 የሜሞሪ ቻናል (ፕሮሰሰሩና ራሙ ዳታ የሚለዋወጡበት መንገድ) አለው፤ እያንዳንዱ በአንድ ጊዜ 8 ባይት ያስተላልፋል። በሴኮንድ 4,800 ሚሊዮን ጊዜ በሚያስተላልፈው ዲዲአር5-4800 ራም ሲሰላ በሴኮንድ 460.8 ጊጋባይት ይሆናል። ራይዘኑ በሁለት ቻናል ዲዲአር5-5600 የሚያገኘው 89.6 ነው። በጥቅሉ ሰርቨሩ ከ5 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ለኮሮቹ ሲካፈል ግን ይገለበጣል፤ ለሰርቨሩ አንድ ኮር የሚደርሰው 4.8፣ ለላፕቶፑ አንድ ኮር 11.2 ጊጋባይት ነው። ሁሉም ኮሮች ከሜሞሪ ብዙ ዳታ የሚያነቡበት ሥራ ሲሆን ዳታው እስኪመጣ ቆመው ይጠብቃሉ። የዊንዶውሱ ታስክ ማኔጀር ይህን መጠበቅ ከሥራ ስለሚቆጥረው 100 በመቶ ብሎ ያሳያል፤ በዚያ ቁጥር ብቻ ተማምኖ ተጨማሪ ኮር መግዛት ገንዘብ መበተን ነው።

በሰርቨር ገጣጠማ ላይ የሚደጋገመው ስህተትም እዚሁ ነው። ባለ 12 ቻናሉ ቦርድ ላይ አንድ ባለ 64 ጊጋባይት ራም ብቻ ይሰካና ይተዋል። መጠኑ ይበቃል፤ ፍጥነቱ ግን 38.4 ጊጋባይት ነው፣ ከላፕቶፑ ግማሽ በታች። በዚያው ፈንታ ባለ 16 ጊጋባይት አራት ራም በአራት ቻናል ቢሰካ 153.6 ይደርሳል። የትኛው ማስገቢያ መቅደም እንዳለበት የማዘርቦርዱ መመሪያ ላይ ስላለ በግምት አይሰኩ። ላፕቶፕም ላይ ከሁለቱ ማስገቢያዎች አንዱ ባዶ ከሆነ የሜሞሪው ፍጥነት በግማሽ ይወርዳል፤ ከሁሉ በፊት የሚጎዳው ግራፊክሱ ነው፣ የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው።

ካሹም (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ትንሽ ግን ፈጣን ሜሞሪ) እንደ ቁጥሩ አይደለም። የኢፒኩ 384 ሜጋባይት የተባለው የ12 ትንንሽ ቺፖች ድምር ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ 8 ኮርና 32 ሜጋባይት አለ። አንድ ኮር ዳታውን የሚያስቀምጠው በራሱ ቺፕ ካሽ ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአንድ ትሬድ ልዩነቱ 32 ከራይዘኑ 16 ጋር እንጂ 384 ከ16 ጋር አይደለም።

ሰርቨሩ ክላውድ ላይ የተከራየ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እዚያ አንድ ቪሲፒዩ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትሬድ ነው፣ ኮር አይደለም። ባለ 4 ቪሲፒዩ ማሽን ሁለት ኮር ሊሆን ይችላል፤ እሱን ከባለ 8 ኮር ላፕቶፕ ጋር ማወዳደር ለሰርቨሩ ግፍ ነው።

ላፕቶፑ የሚሸነፈው ሥራው ሲረዝም ነው። 5.1 ጊጋኸርዝ የሚገኘው አንድ ሁለት ኮር ሲሠራ ነው። ስምንቱም ሲጫኑ 28 ዋት ይከፋፈልባቸውና ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ማቀዝቀዣው አቧራ ከያዘ ወይም ላፕቶፑ አልጋ ላይ ከተቀመጠ ደግሞ ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደብ ላይ ደርሶ የባሰ ይቀንሳል። የአንድ ደቂቃ ፍተሻ ይህን አያሳይም። ቻርጀሩን ሰክቶ፣ ሲኔቤንች አር23 የተባለውን የፍጥነት መፈተሻ ፕሮግራም በ10 ደቂቃው ምርጫ ማስኬድና የመጨረሻውን ውጤት መውሰድ ይሻላል። ሌላው መፈተሻ ጊክቤንች 6 ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ የብዙ ኮር ፈተናው አንድን ሥራ ለሁሉም ስለሚያካፍል 96 ኮር ያለውን አሳንሶ ያሳያል። ብዙ ደንበኛ ለሚያስተናግድ ሰርቨር ያ ነጥብ ብዙም አይነግርም።

የሶፍትዌሩም ነገር አለ፤ ዊንዶውስ ትሬዶችን በ64 በ64 ይቧድናል። ከዊንዶውስ 11 እና ከሰርቨር 2022 በፊት በነበሩት ላይ፣ ይህን አስቦ ያልተጻፈ ፕሮግራም ከ192ቱ ትሬዶች የሚጠቀመው በአንዱ ቡድን ብቻ ነው። ፕሮግራም ለምትሠሩ ደግሞ፦ ኮዱን ሰርቨር ላይ «ለዚህ ማሽን አመቻች» በሚለው አማራጭ ኮምፓይል አድርጋችሁ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት ወዲያው ቢዘጋ፣ ምክንያቱ ላፕቶፑ የማያውቀው ትእዛዝ ሊሆን ይችላል። ከአዳዲሶቹ የኢንቴል ዚኦኖች (የሰርቨር ፕሮሰሰሮች) ብዙዎቹ ያላቸው ኤቪኤክስ-512 የተባለው የትእዛዝ ስብስብ ከ12ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት የኢንቴል ላፕቶፖች ላይ አይሠራም። ሁለቱ ዜን 4ዎች ግን ሁለቱም ያውቁታል።

ያገለገለ ሰርቨር ገዝቶ ቀን ከሌሊት ለሚበራ ትንሽ ሥራ ማዋል ብዙም አይመከርም። ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ እንኳ ፕሮሰሰሩ ብቻውን በአሥሮች የሚቆጠር ዋት ይበላል፣ ፋኖቹም ይጮኻሉ። ላፕቶፕ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ጥቂት ዋት ነው፤ መብራት ሲጠፋም ባትሪው ያቆየዋል። ለዚህ ከዋለ ግን የቻርጅ ገደቡን ከባዮስ ወይም ከአምራቹ ፕሮግራም ወደ 80 በመቶ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዘወትር ሞልቶ በሙቀት የሚቆይ ባትሪ ሊያብጥ ይችላልና።