ሁለት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ሆንግ ኮንግ ውስጥ ለአገሬ ሰዎች አስተርጓሚ ሆኜ እሠራለሁ። አብዛኞቹ የቻይናዋ ከተማ ጓንዡ ለንግድ ትርዒት የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ሥራቸውን ሲጨርሱ አንድ ቀን ከከተማ ወጣ ማለት ይፈልጋሉ። የዚያን ቀን 14 ሰው ይዤ ነበር።

ጠዋት ሳይ ኩንግ በሚባለው አካባቢ፣ ግድቡ ጋ፣ የድንጋይ ዓምዶቹን አየን። ከ140 ሚሊዮን ዓመት በፊት እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ ሲቀዘቅዝ ተሰነጣጥቆ ባለ ስድስት ጎን ዓምድ ሆኗል። ከእንግዶቼ አንዷ፣ እትዬ የምላቸው፣ አንዱን በመዳፋቸው እየዳሰሱ "ይሄን ማን ጠረበው?" አሉ። እኔም መጀመሪያ ሳየው ያልኩት እሱኑ ነው።

ከዚያ በጀልባ ወደ ሻርፕ ደሴት ተሻገርን። እዚያ ባሕሩ ሲጎድል ደሴቱን ከጎኑ ካለች ትንሽ ደሴት ጋር የሚያገናኝ የድንጋይና የአሸዋ መንገድ ብቅ ይላል። ሲሞላ ደግሞ ውሃ ይውጠዋል። ማዶ ላይ የአገሬው ሰው "የአናናስ ዳቦ" የሚላቸው ድንጋዮች አሉ። ላያቸው ልክ እንደ ዳቦ ቅርፊት የተሰነጣጠቀ ነው። አስጎብኚያችን በእንግሊዝኛ የመመለሻውን ሰዓት ነገረችኝ። እኔም ጮክ ብዬ "እስከ ሁለት ሰዓት ተመለሱ!" አልኩ።

ሰዓቱ ሲደርስ ቆጠርኩ። 12 ሰው። ጋሼና እትዬ የሉም።

ማዶ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለዋል። ውሃው ከግራም ከቀኝም እየመጣ መሐል ላይ ሲገናኝ አየሁ። አስጎብኚዋና እኔ ጫማችንን አውልቀን ሮጥን። ስንሄድ ቁርጭምጭሚት ነበር፤ ስንመለስ ጉልበት ደርሷል። ድንጋዩ ያዳልጣል። እትዬ ክንዴን አንቀው ይዘዋል፣ የነጠላቸው ጫፍ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል።

"ኧረ ምን አስሮጠሽ ልጄ? ገና ስምንት ሰዓት አይደል እንዴ!" አሉኝ ጋሼ፣ የእጅ ሰዓታቸውን እያሳዩኝ።

ክው አልኩ። ሰዓታቸው በእኛ አቆጣጠር ነው። ልክ ናቸው። እሳቸው ሁለት ሰዓት ሲባሉ የሰሙት የማታውን ነው። ብዙ ዓመት እዚህ ስለኖርኩ ምላሴ የስልኬን ሰዓት ለምዷል። ጥፋቱ የኔ ነበር። ጀልባዋ ላይ ሁለቱንም ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ለአስጎብኚዋም የኛ ቀን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጠር አስረዳኋት፤ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

የመጨረሻው ጉብኝታችን ዪም ቲን ጻይ የምትባል፣ ሃካ የሚባሉ ቻይናውያን መንደር ነበረች። ሃካ ማለት "እንግዳ ቤተሰብ" ማለት ነው። ከ300 ዓመት ገደማ በፊት የቻን ቤተሰብ እዚህ ሰፍሮ ጨው ያመርት ነበር። በ1890 የተሠራ የካቶሊክ ጸሎት ቤትም አላቸው። በኋላ ልጆቹ ወደ ከተማና ወደ ውጭ አገር ሄደው መንደሩ ባዶ ቀረ። አሁን ግን ተመልሰው የጨው ማምረቻውን አድሰውታል። ዘግተው የሄዱትን ቤት ሰው ተመልሶ ሲያቀና ማየት፣ እኔ ስደተኛዋን በጣም ይነካኛል። ጋሼ ከጨው ቆንጠር አድርገው ቀመሱና ስለ አሞሌ ማውራት ጀመሩ።

ወደ መንደሩ ከመበተናችን በፊት ወረቀት ላይ በትልቁ ጻፍኩ፦ "በእኛ 10፡30፤ በስልካችሁ 16፡30።" ወረቀቱን ለሁሉም አሳየሁ። ከዚያ "ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንገናኘው?" አልኳቸው።

የእጅ ሰዓታቸውን ወደ እኔ ዘርግተው አሥርና አሥራ አንድ መሐል ላይ በጣታቸው ነኩልኝ።