«ይሄ ዘፈን ይዋሻል»

የምሠራው በሱስ ማገገሚያ ማዕከል ነው፤ አማካሪ ነኝ። ከሥራዬ የምወደው የዘፈን ሰዓታችንን ነው። አንድ ዘፈን አብረን እንሰማለን። ግጥሙን በወረቀት አባዝቼ አድላለሁ። ከዚያ ወሬ ነው። በሙዚቃ ሕክምና የታወቀ ዘዴ እንጂ የእኔ ፈጠራ አይደለም።

ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ብዙ መመራመር አያስፈልግም። አንዱን «እስቲ ስለ መጠጥህ ንገረን» ስትለው ይዘጋል። «ይሄ ሰውዬ ምን የነካው ይመስልሃል?» ስትለው ግን ስለ ዘፋኙ እያወራ የራሱን ጉድ ይዘረግፈዋል።

ምርጫው ጣጣ አለው። «ሱስ ይቅርብህ» የሚል የምክር ዘፈን ማንም አይሰማም፤ ምክር ድሮውንም ጠግበዋል። የጭፈራ ዘፈን ደግሞ ሌላ ችግር አለው። አንጎል መጠጡን ከቦታው፣ ከሽታው፣ ከሙዚቃው ጋር አንድ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ግጥሙ ምንም የማይወጣለት ዘፈን፣ ሲጠጡ ይሰሙት ስለነበር ብቻ፣ አምሮቱን ይቀሰቅሰዋል። ለዚህ ነው ከመክፈቴ በፊት «ይሄን የት ነበር የምትሰሙት?» ብዬ የምጠይቀው። ከመልሱ ይልቅ ፊታቸው ይናገራል።

ልነግራችሁ የፈለግሁት የአንድ የቤተሰብ ቀን ገጠመኝ ነው። የዕለቱን ዘፈን የመረጠው ከታካሚዎቹ አንዱ ነበር፤ በመጠጥ ምክንያት የገባ ጎልማሳ። ታላቅ እህቱ ልትጠይቀው ስለምትመጣ፣ ለእሷ ስጦታ መሆኑ ነው። ቤተሰብ የጠፋ ልጁን የሚጠብቅበት፣ በሩ ሌት ተቀን የማይዘጋበት ዓይነት ዘፈን ነው። ዜማው ሆድ ያባባል። አዝማቹ ገና ሳይመለስ ሰውዬው እንባውን ለቀቀው።

እህትየው አላለቀሰችም። ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። ስለ በሩ የሚለውን ስንኝ ከዳር እስከ ዳር ሰረዘችው፤ ወረቀቱ እስኪቀደድ።

«ይሄ ዘፈን ይዋሻል» አለች። «እኔ በሩን ዘግቼብሃለሁ። ቁልፉንም አስቀይሬያለሁ።»

የሚተነፍስ ጠፋ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ «ልክ ነሽ» እንደማለት ራሳቸውን ይነቀንቁ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት? ለአለቃው «ጉንፋን ይዞት ነው» እያለች ስትደውል እንደኖረች አወራች። ዕዳውን ስትከፍል እንደኖረች። አንድ ጊዜ ደግሞ ክፍል ውስጥ ቆልፋበት ነበር፤ «ሁለት ሦስት ቀን ካልጠጣ ይወጣለታል» ብላ። በማግስቱ ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ ራሱን ስቶ ወደቀ።

እዚህ ላይ ልግባ። እንዲህ የሚያደርግ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ ክፋት የለበትም። ግን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ድንገት ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ እንደ የሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከዚያም መቃዠትና መደናበር ሊከተል ይችላል። ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው የሚያቆመው በሐኪም ክትትል ነው።

«በሩን ከዘጉበትና ክፍል ውስጥ ከቆለፉበት የቱ ነው የሚቆጭዎት?» አልኳት።

«የቆለፍኩበት። አልከፍትም ያልኩት አይቆጨኝም።»

ብዙ ሰው ዘፈን የሚረዳው በማስለቀስ ይመስለዋል። እሷን የረዳት አናድዷት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1951 አል-አኖን የተባለውን የጠጪ ቤተሰቦች ማኅበር ካቋቋሙት አንዷ ሎይስ ዊልሰን ነበሩ፤ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር የሆነውን አልኮሆሊክስ አኖኒመስን ከመሠረቱት አንዱ የቢል ዊልሰን ባለቤት። በማኅበሩ ዘንድ የሚዘወተር አንድ አባባል አለ፦ እኔ አላመጣሁትም፣ ልቆጣጠረው አልችልም፣ ላድነው አልችልም። በር መዝጋትም እዚያ ውስጥ ይገባል። ግን ዘግቶ መርሳት ማለት አይደለም። ሮበርት ሜየርስ የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያዳበሩት «ክራፍት» የሚባል የቤተሰብ ሥልጠና አለ። ሳይጠጣ ሲውል አብራችሁት ሁኑ፣ ሲጠጣ ከእሱ ራቅ በሉ፣ ጥፋቱን አትሸፍኑለት፣ ልቡ ሲራራ ሕክምናን አንሱበት ይላል። እኔ በበኩሌ «መሬት እስኪመታ ጠብቁት» የሚለውን የጎረቤት ምክር አልወደውም። መሬት መትቶ በዚያው የቀረ ሞልቷል።

ወደ እነሱ ልመለስ። ወንድሟ እንባውን በክንዱ ጠርጎ፣ «እሺ፣ ታዲያ ምን ብሎ ይዝፈነው?» አላት። አኩርፎም ነበር።

ትንሽ አሰበች። ከተቀደደው መስመር ሥር ጻፈች፦ «በሩ ዝግ ነው፤ ስልኬ ግን ይጠራል።»

አንጎራጎረው። «ረዝሟል፤ ዜማው አይቀበለውም።»

«አንተ እየጎተትከው ነው እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የቀረው ሰዓት ስንኝ በማሳጠር አለቀ። ሁሉም ገጣሚ ሆነ፤ እኚያ ጥግ ላይ የነበሩት እናት ሳይቀሩ።

ሰውዬው ከወጣ በኋላ አንዴ አገርሽቶበት ነበር። በዚህ ሕመም ማገርሸት የተለመደ ነው፤ እንደ ደም ግፊትና እንደ አስም። ደወለላት። ስልኩን አነሳች። ቤቷ አላስገባችውም፤ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች ወጥታ ሐኪም ቤት ይዛው ሄደች። ይሄን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ነጠላ ጫማዋን ሳይቀር።

ከዚያ ወዲህ በቤተሰብ ቀን ከግጥሙ ጋር እስክሪብቶም አድላለሁ። አንዳንዱ አንዲት ቃል ብቻ ይነካል። በቀደም አንድ አባት ሙሉውን ሰርዘው «ዜማው ይቆይ» ብለው መለሱልኝ።