ጋሼ ደረቷን ነጨች

ዛሬ ኅዳር 12 ነው። ቤቴ ግን ምንም አይሸትም።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው። ገና አስራ አንድ ሰዓት ነው፣ ውጭው ጨልሟል። እዚህ አገር ሰዓቱን ወደ ኋላ ከመለሱት ወዲህ ከሥራ ስወጣ ሁልጊዜ ሌሊት ይመስለኛል። ማሞቂያው ያፏጫል። እናቴ ጠዋት ደውላ «ሰፈሩ በጭስ ታፍኖልሻል፣ ዐይኔ ጠፋ» አለችኝ። ቀናሁባት። በጭስ የሚቀና ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ልጆች ሆነን ከየጓሮው ቅጠሉንም ቆሻሻውንም ሰብስበን እናነደው ነበር። በ1911 ዓ.ም ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው የኅዳር በሽታ እንዳይመለስ ነው ይሉናል ትልልቆቹ። እኛ የምንሮጠው ለእሳቱ ነበር።

እዚህ ቤት ከጥቅምት ወዲህ ጭስ ክልክል ነው። በጋሼ፣ በበቀቀኔ ምክንያት።

ዛሬ ሥራ ቦታ አንዷ ከሹራቤ ላይ ላባ አነሳችልኝ። ግራጫ፣ ጫፉ የታኘከ። «ዶሮ ማርባት ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ ልጽፍ ነው የተቀመጥኩት።

ጋሼ አሁን ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀምጣለች። አዎ፣ «ተቀምጣለች»። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋሼ ስላት ኖሬ በደም ምርመራ ሴት ሆና ተገኘች። ግራጫ በቀቀን ወንዱና ሴቱ በዐይን አይለይም። «እትዬ» ብዬ ልጠራት ሞከርኩ። ዞር ብላም አላየችኝ። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። ገና እንደመጣች በስልክ «ዕድሜው ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ከሠላሳ ሦስት አያንስም» አልኳት። «ታዲያ ታላቅሽ አይደል እንዴ! ጋሼ በይው እንጂ፣ ባለጌ» አለች። በዚያው ቀረ።

መንጨቱን መጀመሪያ ያየሁት በመስቀል ሰሞን ነው። ጠዋት ስነሳ ኬጁ ሥር ላባ ተነጥፏል። ወፍ ላባ ይቀይር የለ ብዬ ጠረግኩት። በሳምንቱ ደረቷ ላይ ሮዝ ቆዳ ታየ። በአስራ አምስተኛው ቀን ከአንገት በታች ለወጥ የተዘጋጀች ዶሮ ሆነች። ከአንገት በላይ ግን እንደ ድሮዋ ነች፣ አንድ ላባ አልጎደለባትም። ሹራብ ለብሳ ሱሪ የረሳች ሴት ታውቃላችሁ? ልክ እሷን።

ላይኛው ፎቅ ያለችው ጓደኛዬ መጥታ አየቻት። «ራሷን ነጭታ ከጠበቀችሽ ምን ቀረሽ? ሽንኩርትሽን አቁላዪ» አለችኝ። ቡና አላፈላሁላትም።

የወፍ ሐኪም እንደ ውሻና ድመት ሐኪም በየመንገዱ አይገኝም። አንድ ሰዓት ነድቼ ቨርጂኒያ ሄድኩ። የከፈልኩትን አልጽፍም፣ እናቴ ታነባለች። ሰውዬው መጀመሪያ ያየው ጭንቅላቷን ነው። አንዳንድ ላባ የሚያረግፉ በሽታዎች ለጭንቅላትም አይመለሱም አለኝ። የሷ ጭንቅላት የዳነው ምንቃሯ ስለማይደርስበት ነው። ራሷ ናት የምትነጨው። ደም ወሰደ፣ ራጅ አነሳ። ዚንክ ወይም እርሳስ ያለበት ብረት አኝካ ይሆን፣ ጉበቷ ታሞ ይሆን፣ ሁሉን አየ። ንጹሕ ናት። (ሴትነቷም ያኔ ነው የወጣው። እኔ ስደነግጥ ነርሷ በሳቅ ሞተች።)

ከዚያ ጥያቄው ወደ እኔ ዞረ። ምን ትበላለች? ስንት ሰዓት ትተኛለች? ቤት ውስጥ የሚጨስ ነገር አለ? «ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም» አልኩት በኩራት። ትንሽ ቆይቶ ትዝ አለኝ። ቡና እቆላለሁ። እጣን አጨሳለሁ። ቅዳሜና እሑድ ቤቴ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚመስለው። እንዴት እንደነገርኩት እንጃ፣ ኑዛዜ ሆነብኝ። የወፍ ሳንባ እንደኛ አይደለም አለኝ። ከሳንባዋ ሌላ በሰውነቷ ውስጥ የአየር ከረጢቶች አሏት፣ አየር ላይ ያለውን መርዝ ከኛ በበለጠ ትስባለች። የድሮ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወፍ ይዘው ጉድጓድ የሚገቡት ለዚህ ነው። ቴፍሎን የተቀባ፣ ምግብ የማይዝ መጥበሻ ከመጠን በላይ ከጋለ ጭሱ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል። ያንን መጥበሻ ለጓደኛዬ ሰጠኋት። ለሽንኩርቷ።

እጣኑን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩት። ቡናም የተቆላ መግዛት ጀመርኩ። ያለ ጭስ የፈላ ቡና ምን ይመስላል መሰላችሁ? ሥራ ቦታ ቆሜ የምጠጣውን። ሲኒው ብቻ አነሰ።

ምግቧም ጉድ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሱፍ ፍሬ ነው የበላችው። ሐኪሙ «ልጅን ቺፕስ ብቻ እያበሉ ማሳደግ ነው» አለኝ። ቅባቱ ብዙ፣ ቫይታሚን ኤው ምንም። ቆዳም ላባም ያለ እሱ አይሆንም። አሁን ካሮት፣ ስኳር ድንችና ጎመን ነው። ጎመኑን ወዳዋለች። ቃሪያማ ከነፍሬው! ለካ ወፎች ማቃጠሉ አይሰማቸውም። በመጀመሪያው ቀን ደንግጬ ውኃ አቀረብኩላት። ረግጣው ሄደች። እናቴ በቪዲዮ እያየች «ይቺማ የኛው ናት» አለች። አቮካዶ ግን መርዟ ነው፣ ቤት አላስገባም።

እንቅልፉ ነው ያሸማቀቀኝ። በየሌሊቱ ከአስር እስከ አስራ ሁለት ሰዓት ያህል በጨለማ መተኛት አለባት። እኔ ደብል፣ ሁለት ሽፍት በተከታታይ፣ ስሠራ እኩለ ሌሊት እገባለሁ። መብራት አበራለሁ፣ ድስት አንኳኳለሁ፣ ስልክ ላይ እጮኻለሁ። እሷ ደግሞ እኔ ካልተኛሁ አትተኛም። ማሞቂያውም አየሩን እንደ ቋንጣ ያደርቀዋል። አሁን ኬጁን በጋቢ እሸፍናለሁ፣ ጠዋት ጠዋት ውኃ እረጭላታለሁ። ምግቧን በካርቶንና በወረቀት ጠቅልዬ እደብቃለሁ፣ ፈልጋ እንድትበላ። ጫካ ብትሆን ቀኑን የምታሳልፈው ምግብ ስትፈልግ ነው። እዚህ ሳህን ይቀርብላትና የቀረውን ቀን ምን ትሥራ? ራሷን ትሠራለች።

አንድ ነገር ግን አጥብቆ ነግሮኛል። ስትነጭ አትጩኺባት አለኝ። ጩኸቱን እንደ ጨዋታ ታየዋለች፣ ላባ በነጨሁ ቁጥር ሰው ይመጣል ማለት ነው ለእሷ። ረፍዷል። እኔ ከመስቀል ጀምሮ «ተይ!» ስል ነው የከረምኩት። አሁን ራሷ «ተይ!» ትላለች፣ በኔው ድምፅ፣ በኔው ቁጣ። ከዚያ ትነጫለች።

የጋሼ የድሮ ባለቤት፣ እኔ የምንከባከባቸው የነበሩት ሴትዮ ሚስ ኤል፣ የገዙኝ በ1990 ነው ይሉ ነበር፣ በነሱ አቆጣጠር። ማለቴ እሷን። አሜሪካ የዱር ወፍ ማስገባትን በሕግ ያጠበቀችው በ1992 ነው። ከዚያ በፊት በቀቀን ከአፍሪካ ጫካ እየተያዘ በሺዎች ይገባ ነበር። እና ጋሼ እዚህ ተፈልፍላ ይሁን ከኮንጎ ወይም ከካሜሩን ጫካ በሙጫ ተይዛ መምጣቷን የሚያውቅ የለም። ወረቀት የላትም። በ2016 ደግሞ አገሮች ተሰብስበው ከዱር የተያዘ ግራጫ በቀቀን ዓለም አቀፍ ንግዱን ከለከሉ። እሷ በሩ ሳይዘጋ ገብታለች። ይሄን ለጓደኛዬ ስነግራት «ሎተሪ ደርሷት ነዋ» አለች።

ጫካ ውስጥ ማታ ማታ በመቶዎች ሆነው ነው አንድ ዛፍ ላይ የሚያድሩት። እዚህ የሷ መንጋ እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ አስራ ሁለት ሰዓት ሽፍት ላይ ነኝ።

«መንጨት» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ስጽፈው ሌላ ነገር መጣብኝ። የአያቴ ለቅሶ ላይ ስድስት ዓመቴ ነበር። እቴቴ ፀጉሯን ስትነጭ አየኋት። ጉንጯንም። ደረቷን ስትደቃ ድንኳኑ የሚንቀጠቀጥ መሰለኝ። ቄሱ «ተይ ልጄ፣ ነውር ነው» ይሏታል፣ ሴቶቹ እጇን ይይዛሉ፣ እሷ ታመልጣቸዋለች። የጉንጯ ጠባሳ ለብዙ ጊዜ አልጠፋም። ልጅ ሆኜ ፈርቻት ነበር። አሁን ሳስበው ግን ሐዘኗ የት እንዳለ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጉንጯ ላይ ነበር። ደረቷ ላይ።

አባቴ ሲያርፍ መርዶውን የነገሩኝ በአራተኛው ቀን ነው። ቅዳሜ እስኪደርስ ጠብቀው። ሥራ የሌለኝን ቀን መርጠው። ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ፣ ከፈትኩ፣ ሰባት ሰው ኮሪደሩ ላይ ጫማውን እያወለቀ ነው። በዚያ ሰዓት ሰባት ሰው ለደህና አይመጣም። አውቄዋለሁ። ጮህኩ። አንዷ ወዲያው አቀፈችኝና ጆሮዬ ሥር «ቀስ በይ የኔ እናት፣ ከታች ያሉት 911 ይደውላሉ» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፣ እውነቷን ነው። ቀስ አልኩ። ሰኞ ሥራ ገባሁ።

አሁንም ቀስ እንዳልኩ ነኝ መሰለኝ።

ሚስ ኤል የሞቱት በነሐሴ ነው። ሁለት ዓመት በመጦሪያ ቤት ቆይተው። ልጃቸው በጽሑፍ መልእክት ነገረችኝ፣ ከአበባ ምስል ጋር። ስድስት ዓመት ያጠብኳቸው ሴትዮ ናቸው፣ ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም፣ ሽፍት ነበረኝ። ጋሼ ግን ዛሬም ድምፃቸውን ታሰማለች። «ስዊትሃርት፣ ሻይው ቀዘቀዘ» ትላለች በእንግሊዝኛ። ሳላቸውን ጭምር ትስላለች። ማይክሮዌቫቸውንም ትሠራለች፣ አሁንም እየተታለልኩ ተነስቼ የምከፍትበት ጊዜ አለ። ነሐሴ ሞቱ፣ መስከረም መንጨት ጀመረች።

ይሄን ለሐኪሙ ነገርኩት። ሰውዬው ጨዋ ነው፣ አልሳቀብኝም። «ሁለት ዓመት ሳታያቸው ኖራለች፣ መሞታቸውን በምን ታውቃለች? እኔ መጀመሪያ መብራትሽንና ምግቧን ነው የምጠረጥረው» አለኝ። እውነቱን ነው። ለወፍ መልእክት አይላክላትም። በመስከረም እዚህ ቤት የተቀየረው እኔ ነኝ፣ ደብል የጀመርኩት ያኔ ነው። ግን ሰው ሲባል ደካማ ነው፣ ከቫይታሚን ኤ ይልቅ ሐዘን ደስ ይለዋል።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ባለፈው እናቴ በቪዲዮ አተኩራ አየችኝና «ቅንድብሽን ምን አደረግሽው?» አለችኝ። «ተቀንድቤ ነው» አልኳት። ግራው በኩል ብቻ? አላመነችኝም። እኔም ሳነብ፣ ስልክ ሳወራ፣ መብራት ላይ ቆሜ ስጠብቅ እጄ የት እንደሚሄድ አላየውም ነበር። ምንቃሬ ቅንድቤ ጋ ይደርሳላ።

እንግዲህ ሳቁብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል ተነሳሁ። ነጠላዬን አዘቀዘቅኩ። ጋቢውን ከኬጁ ላይ ገለጥኩና ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። መርዶ ለመንገር። ለበቀቀን። መጀመሪያ በምን ቋንቋ እንደምነግራት ቸገረኝ። ሚስ ኤልን የምታውቀው በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ የመርዶ እንግሊዝኛ የለኝም። እነሱስ አላቸው? «አርፈዋል» ለማለት «አልፈዋል» ይላሉ፣ መኪና ይመስል። በአማርኛ ይሁን አልኩ። አንገቷን አዘንብላ በአንድ ዐይኗ ታየኛለች። ደረቷ ላይ እንደ መርፌ ሹል የሆኑ ሦስት አዲስ ላባዎች ብቅ ብለዋል። ባንክ ያለኝን እንደነሱ ቆጥሬው አላውቅም።

«ጋሼ» አልኳት፣ «ሚስ ኤል እኮ አረፉ። በነሐሴ።»

ዝም። ማሞቂያው ያፏጫል።

«ተይ!» አለችኝ፣ በኔው ድምፅ።

ለየትኛው እንዳለችኝ አላወቅኩም። እጄ ቅንድቤ ላይ ነበር።