ሱሉልታ ላይ ሶምሶማን እንዴት ወደድኩት

ሱሉልታ የምንኖር ሰዎች ስለ ሩጫ ያለን አመለካከት ለየት ይላል። ገና ሳይነጋ አትሌቶች በደጃችን ያልፋሉ። ከፊሎቹ ወደ ሜዳው፣ ከፊሎቹ ወደ እንጦጦ ጫካ። ለእነሱ ሩጫ እንጀራ ነው። እኛ ደግሞ ቆመን እያየን ሩጫ የእነሱ ብቻ እንደሆነ እናምናለን። የእኛ ተራ የሚደርሰው ቦርጭ ሲወጣ ወይም ሐኪም ሲቆጣ ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው ስፖርትን እንደ ቅጣት ይጀምረዋል። ቅጣቱን ጨርሶ ደግሞ ማን ተመልሶ ይመጣል?

እኔ ስጀምር በቅድሚያ የቀየርኩት ይህን ሐሳብ ነው። ጫማ እንኳን ሳልገዛ ለራሴ አንድ መለኪያ አወጣሁ። ኪሎ አይደለም፤ ኪሎ ሜትርም አይደለም። ወደ ቤት ስመለስ «ነገም ብወጣ ደስ ይለኛል?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። መልሱ «አይ» ከሆነ፣ ያን ቀን በዝቷል ማለት ነው። በማግስቱ እቀንሳለሁ። በቃ።

ሚዛን ለወራት ላይነቃነቅ ይችላል፤ የምንበላውም ይወስነዋል። ደስታው ግን የዛሬ ነው። በብርድ ከብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስወጣኝ እሱ እንጂ ሚዛኑ አይደለም።

ፍጥነትን ያስተማሩኝ ጎረቤቴ ናቸው። ጡረታ የወጡ፣ ማለዳ በእግር መሄድ የሚወዱ ሰው ናቸው። አብረን መውጣት ስንጀምር እኔ ቶሎ ቶሎ ስል «አንቺ ልጅ፣ ማን አሳደደሽ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ደንባችን ወሬ ሆነ። ወሬው ከተቆራረጠ ፈጥነናል ማለት ነው። ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፤ እያወራን መሄድ ከቻልን፣ መዝፈን ግን ካቃተን፣ እንቅስቃሴው መካከለኛ ነው። እሳቸው በፈጣን እርምጃ፣ እኔ በቀስታ ሶምሶማ፣ ጎን ለጎን እንሄዳለን። ከልጅ ልጆቻቸው ጀምሮ እስከ ሲሚንቶ ዋጋ ድረስ የማናነሳው የለም።

እኛ ሰፈር ይህ ምክር በተለይ ያስፈልጋል። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትርን ያልፋል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ ልብ ፈጥኖ ይመታል። ከቆላ የመጣ ሰው ትንሽ ዳገት ላይ ሲያለከልክ «እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም» ብሎ ይደመድማል። ኧረ ከፍታው ነው! ቀስ ብሎ ቢጀምር፣ ሰውነቱ በጊዜ ሂደት ይለምደዋል።

አትሌቶቹንም በቀላል ልምምድ ቀናቸው ልብ ብላችሁ እዩአቸው። ተከታትለው በአንድ መስመር፣ በባሕር ዛፎቹ መሐል እየተጠማዘዙ ይሄዳሉ። ከፊት ያለው ይመራል፤ የኋላው የፊተኛውን እግር እያየ ይከተላል። ማንም ማንንም ለመቅደም አይታገልም። ጉልበታቸውን ለከባዱ ቀን ያስቀምጡታል። ዓለምን የሚያሸንፉ ሰዎች ቀስ ማለት ካላሳፈራቸው እኔን ምን ያሳፍረኛል?

ልማድ በ21 ቀን ይያዛል ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ይህን አባባል ሰው እንዲተው ከልቤ እፈልጋለሁ። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ተከታትለው ነበር። አንድ ነገር ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። እንደ ስሌታቸው አንዳንዱን 18 ቀን፣ አንዳንዱን 254 ቀን ይፈጅበታል። ስፖርት ደግሞ ውኃ እንደ መጠጣት ካሉ ቀላል ልማዶች የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። ለእኔ ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው፦ አንድ ቀን መዝለል የተጀመረውን አላበላሸም።

እኛ አገር ይህን ማወቅ እፎይ ያሰኛል። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ማኅበር አለ፣ የሚታመም ልጅ አለ። ለቅሶ ቤት አድሬ ከቀረሁ የቀረ ቀረ ነው። ለማካካስ እጥፍ አልሮጥም። የምጠነቀቀው በማግስቱ ጫማዬን ለማሰር ብቻ ነው፤ ለአጭር ጊዜም ቢሆን እወጣለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ድሮ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ መሆን አለበት ይባል ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ይህን አስቀርቶታል፤ ትንሿም ትቆጠራለች። ውኃ ሲጠፋ ጄሪካን ተሸክሜ የምወጣው ዳገት እንኳን ድርሻ አለው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ያን ዳገት አላማርርም።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ ጥናት አለ። በ2007 እ.ኤ.አ. አሊያ ክረም እና ኤለን ላንገር የተባሉ ተመራማሪዎች ለተወሰኑ ሴት የሆቴል ክፍል አጽጂዎች ሥራቸው ራሱ ጥሩ ስፖርት እንደሆነ ነገሯቸው። ከአራት ሳምንት በኋላ ክብደታቸውና የደም ግፊታቸው ቀንሶ ተገኘ፤ ምንም ካልተነገራቸው ሴቶች ይልቅ። ሴቶቹ እንቅስቃሴያችንን አልጨመርንም ብለው ነበር። በእኔ አስተያየት ሐሳብ ብቻውን ደም ግፊት ያወርዳል ብሎ መድኃኒት ማቆም አደገኛ ነው። ግን የምንሠራውን ሥራ በክብር ማየት በጉልበት እንድንሠራው ያደርገናል፤ ይህን በራሴም አይቻለሁ።

ደስታው ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ላይ ሰው 10 ኪሎ ሜትሩን እየጨፈረ፣ እየዘፈነ፣ እየተሳሳቀ ነው የሚሄደው። ሰዓቱን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዚያን ቀን መንፈስ ወደ ተራ ማክሰኞ ማምጣት ይቻላል፤ አንድ ወሬኛ ጓደኛ ይበቃል።

ክረምት ላይ ኮሮኮንቹ ጭቃ ስለሚሆን በረንዳ ላይ ገመድ እዘላለሁ። ጨለማ እያለ አልወጣም፤ ጅብ አለ፣ ውሻም አለ። ከትናንት ጀምሮ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ አብራን መምጣት ፈልጋለች። ልጆቿን ትምህርት ቤት ስለምትሸኝ መነሻችንን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገፍተነዋል።