ሜቴኑ ከየት መጣ?

በቤተ ሙከራችን ጋዝ የሚለየውን መሣሪያ የምቆጣጠረው እኔ ስለሆንኩ የምሥራቹም መርዶውም ቀድሞ የሚደርሰው ለእኔ ነው። ያን ሰሞን የመጣው የምሥራች ነበር። ዶክተራችን ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ነዳጅ ለመለወጥ ያዘጋጁት አዲስ ዱቄት እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት የኳርትዝ ዕቃ ውስጥ ብርሃን ሲያርፍበት ሜቴን መስጠት ጀመረ።

ሜቴን የተፈጥሮ ጋዝ ዋና ክፍል ነው፤ ተጨምቆ ይከማቻል፣ በቧንቧ ይሄዳል። የቀኑን ፀሐይ ለሌሊት ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይመጣል? እ.ኤ.አ. በ1972 ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሳይንቲስቶች በቲታኒየም ዳይኦክሳይድና በብርሃን ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን መክፈል እንደሚቻል ካሳወቁ ወዲህ በዚህ ሐሳብ ያልተማረከ ተመራማሪ ጥቂት ነው። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ግን በአብዛኛው የሚጠቀመው አልትራቫዮሌቱን ነው፤ እሱም ከፀሐይ ኃይል 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የዶክተራችን ዱቄት የሚሠራው በዓይን በሚታየው ብርሃን ስለነበር ደስታው እጥፍ ሆነ። ለስብሰባ የሚቀርበው ጽሑፍ ሳይቀር ተጀመረ።

አንድ ወጣት ረዳት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዶክተር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥተን ካርቦን በሌለው በአርጎን ጋዝ ብንተካውስ? ሜቴኑ መቅረት አለበት» አላቸው። እኔ በበኩሌ ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ዛሬውኑ ሞክሩት» አሉ።

ሜቴኑ አልቀረም። በመሣሪያው ላይ ሜቴንን የሚያመለክተው ያው ጫፍ ብቅ አለ፣ ቁመቱም ከቀድሞው ብዙ አላነሰም። መብራቱን ስናጠፋ ጠፋ፤ ደግመን ስናበራ ተመለሰ፣ ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ግን እየመነመነ ሄደ። ያኔ ነገሩ ገባን፤ ዱቄቱ ሲዘጋጅ የገባው ኦርጋኒክ ማሟሚያ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም ነበር። ብርሃኑ ነዳጅ የሚሠራው ከአየሩ ካርቦን ሳይሆን ከዚያ ዝቃጭ ነው። ከአንዱ ኪስ አውጥቶ ሌላው ኪስ እንደ መክተት! በዚህ ሙያ የታወቀ ወጥመድ ነው፤ ብርሃኑን እያጠፉ መፈተን ብቻውን አያጋልጠውም፣ ዝቃጩንም የሚያፈርሰው ያው ብርሃን ነውና።

ዱቄቱ በኦክስጅን ጅረት ውስጥ እንዲግል ተደርጎ ጸዳ። ከዚያ ዶክተራችን ካርቦን 13 (ከተለመደው ከበድ ያለ ካርቦን) ያለበትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አስመጡ፤ ዋጋው የሚያስደነግጥ ጋዝ ነው። ሜቴኑ በእርግጥ ከዚያ ጋዝ ከመጣ፣ የሞለኪውሉ ክብደት 16 መሆኑ ቀርቶ 17 ይሆናል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ ሜቴን ለመለወጥ የሚያስፈልገውን ኤሌክትሮን የሚሰጠው ውሃው ከሆነ ደግሞ ኦክስጅንም አብሮ መውጣት አለበት፤ ስለዚህ እሱንም ለካን።

የቀድሞው ሜቴን አብዛኛው ጠፋ። የቀረው ግን ከባዱ ሆኖ ተገኘ፣ ኦክስጅኑም አብሮት ነበር። ዶክተራችን በጽሑፋቸው ላይ የነበረውን ትልቅ ቁጥር ሰርዘው ትንሹን አስገቡ፤ የአርጎኑንም ውጤት ከጎኑ አስቀመጡት። እውነቱን ለመናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ይህን ጽሑፍ ወደድኩት። በስብሰባው ላይ ካርቦኑ ከየት እንደመጣ የጠየቀ አልነበረም። የተጠየቁት ዱቄቱ ሳይዳከም ስንት ሰዓት እንደሚሠራ ነው፤ እሱን ገና እየለካን ነው።