ሎህ ሳይቀራ አይታጠብም፦ የመጀመሪያ ሴሚስተሬ ማስታወሻ

ዘንድሮ ፍሬሽ ለሆናችሁ፣ በተለይ «ሃይስኩል እያለሁ ጎበዝ ነበርኩ እኮ፣ እዚህ ስመጣ ምን ነካኝ?» እያላችሁ ዶርም ውስጥ ጣሪያ ጣሪያ ለምታዩ ነው ይህን የምጽፈው። እኔም ጣሪያውን በደንብ አውቀዋለሁ።

የመጣሁት ከባቲ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምደባው ሲወጣ ደሴ ደረሰኝና ሰው ሁሉ «ምን አለብሽ፣ ቤትሽ ደጃፍ ነው» አለኝ። በኮምቦልቻ በኩል ጠዋት የተነሳ ለምሳ ይደርሳል፣ እውነት ነው። አየሩ ግን ሌላ አገር ነው። እናቴ ጋቢ ስትሸክፍልኝ «ይሄ ደግሞ ለምኑ ነው?» ብዬ ተከራክሬያት ነበር። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ጋቢውን ከብርድ ልብሱ ሥር አንጥፌ፣ ካልሲ በካልሲ ደርቤ፣ ይቅርታ በልቤ ጠየቅኳት። ጠዋት የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ከላያችን ተደፍቶ ሳይ ደግሞ ከአልጋ መውረድ ራሱ አንድ ኮርስ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት

መምህሩ የተናገረውን ሁሉ ጻፍኩ። ሁሉንም። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ ደግሞ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጽፌ ቀና ስል እሱ ሦስት ስላይድ አልፏል። ማታ ላይብረሪ ገብቼ ሞጁሉን በቢጫ ቀለም አሰምረዋለሁ፤ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ሁሉም ነገር የማውቀው ይመስለኛል። «ገባኝ» ብዬ ዘግቼ እተኛለሁ። ከገጹ የሚበልጠው ቢጫ ሆኖ ነበር።

የውጤት አከፋፈሉ የተጻፈበትን የኮርስ አውትላይን አላነበብኩትም። ይሄ ትልቁ ጥፋቴ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ600 ነው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልቃል፣ ፊደል አጥቁረህ ትወጣለህ። እኔም ሁሉም ነገር መጨረሻ ላይ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። እኛ ጋ ግን ፋይናሉ 50 ብቻ ነው፤ የቀረው 50 በኩዊዝ፣ በሚድ፣ በአሳይመንትና በግሩፕ ሥራ ትንሽ ትንሽ እየተቆረሰ ያልቃል። እኔ «ዋናው ፋይናል ነው» ስል ውጤቴ እየተንጠባጠበ ነበር።

ሳምንት 5፣ ሳይኮሎጂ ቴስት

ይህን ቀን በዝርዝር ልንገራችሁ። ውንድት ላይፕዚግ ውስጥ የሳይኮሎጂ ላብራቶሪውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1879 መሆኑን በቃሌ ይዣለሁ። የፓቭሎቭን ውሻ (ደወል ሲሰማ ምግብ እየጠበቀ ምራቁ የሚመጣውን)፣ ትርጉሞቹን ሁሉ ከነነጠላ ሰረዛቸው ሸምድጃለሁ። ወረቀቱ ሲመጣ ውንድትም የለም፣ ውሻውም የለም። ጥያቄው እንዲህ የሚል ነበር፦ አንድ ሕፃን ክሊኒክ ሄዶ መርፌ ይወጋል። ከዚያ በኋላ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ባየ ቁጥር ያለቅሳል። ኮንዲሽንድ ስቲሙለሱ (በልምድ የተማረው ቀስቃሽ) የቱ ነው? ለምን?

«መርፌው» ብዬ ጻፍኩ። «ለምን» ለሚለው ደግሞ ትርጉሙን ከሞጁሉ ቃል በቃል ገለበጥኩ፤ የጻፍኩት ትርጉም ራሱ መልሴ ስህተት መሆኑን ይናገራል። መርፌው ማንም ሳያስተምር ያስለቅሳል። ሕፃኑ የተማረው ካፖርቱን መፍራት ነው።

9 ከ20።

እናቴ ደወለች። «ስንት አመጣሽ?» «ዘጠኝ።» «ከአሥር?» ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለችና «አብሽሪ ልጄ፣ ጋቢውን እየለበስሽ ነው?» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ነጭ ካፖርት ግን አላየሁም።

በዚያው ሳምንት የጂኦግራፊ አሳይመንት ከቴሌግራም አውርጄ ስሜን ብቻ ቀይሬ አስገባሁ። 2 ከ10። ጥጉ ላይ በቀይ «የራስሽን ጻፊ» የሚል ነበር። በዚህ ላይ ብዙ አልናገርም።

ከሳምንት 6 በኋላ

የሎጂክ ግሩፕ ሥራ አምስት ሆነን ተመደብን። የሠራነው ሁለት ነን (ሦስቱ ስማቸውን በትክክል እንድንጽፍ ብቻ አደራ ብለውናል)። ሁለተኛው ከዋድላ የመጣ ልጅ ነው፤ ወደ መደበኛ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት የነበረ። ዋድላ የቅኔ አገር መሆኑን ለወሎ ሰው አልነግርም። ማታ ስፔስ (ማጥኛ ባዶ ክፍል) ይዘን ስንቀመጥ ሞጁሌን ስገልጥ እጁን ጫነበትና «ዝጊውና ንገሪኝ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያነበብሽውን። ቅኔ ቤት ተማሪ ጉባኤ ቃና ይቆጥርና ሄዶ ለየኔታ ይነግራል። የተበላሸውን የኔታ ያርማሉ። ሁለት ቤት ናት፣ ግን ሳትነግሪያቸው ጎበዝ ነሽ አልጎበዝሽም አይታወቅም።»

ቫሊድ እና ሳውንድ የሚባሉትን ልነግረው ጀመርኩና ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ቆምኩ። ቢጫ ያሰመርኩበት ገጽ ነው! ገጹ የት ጋ እንዳለ፣ ከላይ ሥዕል እንዳለው ሁሉ ይታየኛል፤ ሐሳቡ ግን የለም። እሱ ዝም ብሎ ጠበቀኝ። ከብዙ መንተባተብ በኋላ የራሴን ምሳሌ ፈጠርኩ፦ «ባቲ ያለ ሰው ሁሉ ግመል ይነግዳል። እናቴ ባቲ ናት። ስለዚህ እናቴ ግመል ትነግዳለች።» እናቴ ሰኞ ገበያ የምትሸጠው በርበሬ ነው። አካሄዱ ልክ ነው፣ መነሻው ግን ውሸት ነው፤ ቫሊድ ነው፣ ሳውንድ አይደለም። ልጁ እስኪበቃው ሳቀ። እኔም ያን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ያን ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ የታሰበኝ ሎሄ (ቁርአን የተማርኩበት የእንጨት ሰሌዳ) ነው። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቤት ስቀራ ትምህርቱ ሎህ ላይ ይጻፍልኛል። ሸኻችን ፊት ቀርቤ እያነበነብኩ እቀራለሁ። ከተሳሳትኩ ያርሙኛል፣ ተመልሼ እሄዳለሁ። በደንብ ስቀራው ብቻ «እጠቢው» ይሉኛል፤ ሎሁ ይታጠብና አዲስ ይጻፍበታል። ሳይቀራ የሚታጠብ ሎህ የለም። እኔ ግን ግቢ ገብቼ አምስት ሳምንት ሙሉ ሳልቀራ ሳጥብ ነው የከረምኩት። ዘዴውን ከሰባት ዓመቴ ጀምሮ አውቀው ነበር፤ ምርጫ ጥያቄው ነው ያስረሳኝ መሰለኝ። አራት መልስ ፊትህ ተደርድሮ ሲመጣ የምታውቀው ፊት ይመስላል፣ ጠቆም አድርገህ ታልፋለህ።

ልዩነቱን አልካድኩም። ሎህ ላይ ቃሉን እንዳለ መያዝ ነው ዓላማው። እዚህ ግን ቃሉን ለቅቆ ሐሳቡን መያዝ ነው። ስለዚህ ለራሴ ያወጣሁት ሕግ አንዲት ናት፦ ከቤቴ ምሳሌ ያላገኘሁለት ነገር አይታጠብም። ለፓቭሎቭ የሙቀጫ ድምፅ አገኘሁ። ቤት ቡና ሲወቀጥ ገና ድምፁን ስሰማ ምራቄ ይመጣል፣ ቆሎው እንደሚከተል ስለማውቅ። ቆሎው ማንም ሳያስተምረኝ ምራቄን ያመጣል፤ ሙቀጫው ነው የተማርኩት። ሚድ ላይ ተመሳሳይ ጥያቄ በሌላ ልብስ መጣና እስክሪብቶዬ አልቆመም።

እዚያው ሞጁል ውስጥ ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ አለ። እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመውን ጥናት የሠራው በራሱ ላይ ነው፤ ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ ስንቱን እንደረሳ ይለካ ነበር። መርሳት መጀመሪያ ላይ ይጣደፋል፣ ከዚያ ይዘገያል። ይህን ካነበብኩ በኋላ የቀኑን ትምህርት በዚያው ማታ አሥር ደቂቃ ሳላይ መናገር ጀመርኩ፣ ከዚያ ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከዚያ በሳምንቱ። ዶርም ስድስት ነን፤ ጋቢ ተከናንቤ ለብቻዬ ሳወራ መጀመሪያ «ምን ሆነች?» ተባብለዋል። በኋላ ሁለቱ እየመጡ «እኔንም ጠይቂኝ» አሉ።

በክፍል ውስጥም ሁሉን መጻፍ ተውኩ። ጥቂት ቃል ብቻ በእንግሊዝኛ፣ ጎኑ ላይ ሐሳቡን በአማርኛ። መልሱን ደግሞ በእንግሊዝኛ መናገር ተለማመድኩ፣ ምክንያቱም ፈተናው በአማርኛ አይመለስም። ይሄ ከሁሉም ያስቸገረኝ ነው፣ አሁንም አልተፈታም።

ውጤት

ሎጂክ ኤ፣ ሳይኮሎጂ ቢ ፕላስ፣ እንግሊዝኛ ቢ፣ ጂኦግራፊ ቢ፣ ማትስ ሲ። ሁሉም ሦስት ሦስት ክሬዲት ናቸው፤ 12፣ 10.5፣ 9፣ 9 እና 6፣ ድምሩ 46.5 ለ15 ሲካፈል 3.10። ሳይኮሎጂው ኤ ያልሆነው በዚያች በ9ኟ ነው፣ ጂኦግራፊውም በዚያች በ2ቷ። ፋይናሉን ጥሩ ሠርቼ እንኳ አልተመለሱልኝም።

ማትሱ ላይ ዘዴዬ አልሠራም። ቀመሩን አሳምሬ አስረዳለሁ፣ ቁጥር ሲሰጠኝ ግን መንገድ ላይ እጠፋለሁ። ለካ ማትስ የሚቀራው በእጅ ነው፤ መልሱን ሸፍኖ ወረቀት ላይ መሥራት እንጂ ማውራት አይበቃውም። የዋድላው ልጅ ማትስ ላይ ኤ ስላመጣ ለሁለተኛው ሴሚስተር ቀጥሬዋለሁ። ክፍያው ከባቲ የሚመጣ በርበሬ ነው፣ ለእናቴ ነግሬያታለሁ። «ልጁ ጋቢ አለው?» አለችኝ።